መቀነቱ ስንት ዙር ይዞራል?

(የአምባሰል ቅኝት በዋሽንት፤ ለአፍታ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ቡና የተፈላበት ቤት ያላችሁ አቦሉን ይዛችሁ ጠጋ በሉ፤ ስለ ቡናውም የምንለው አለን።

የዛሬውን ጨዋታ የምጀምረው ከአክስቴ መቀነት ነው። አክስቴ የቦረና ሰው ናቸው። ቦረና ስል የደቡቡን እንዳታስቡብኝ፤ የወሎውን፣ መካነ ሰላም ከተማው የሆነውን፣ ከዓባይ በረሃ በላይ የተቀመጠውን ደጋ ማለቴ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬድ የገደል አፋፍ መንደር ነው። ቤቱ ከላይ፣ ምንጩ ከታች። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው አቀበቱን ሲወጡ እኔ ባዶ እጄን ተከትያቸው ትንፋሼ ይቆራረጥ ነበር። እሳቸው ግን ወሬ አያቋርጡም። በገበያ ቀን ደግሞ ገብሱን ወይ ባቄላውን ተሸክመው ሁለት ሰዓት መሄድ፣ ጨውና ሳሙና ቋጥረው ሁለት ሰዓት መመለስ ነው። መቀነታቸው ያኔ ወገባቸውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ተርፎ ይንዘላዘል ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ልጃቸው «ብቻዎን አይሆኑም» ብላ ወደ መካነ ሰላም አመጣቻቸው። አሁን ቦኖው ከበሩ ሃያ እርምጃ ነው። ወፍጮው መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሱቁ ከአጥሩ ጋር ተለጥፏል። ገበያ መሄድ ቢያምራቸው ባጃጅ ደጅ ድረስ ይመጣል። ልጅቷ ደግሞ እናቴን አትንኩብኝ ባይ ናት፤ አክስቴ መጥረጊያ ባነሱ ቁጥር ከእጃቸው ትነጥቃቸዋለች።

ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ መቀነቱ ሁለት ዙር ብቻ ዞሮ ጫፉ በግድ ተቋጥሯል። ጎረቤቶቻቸው «ከተማው ተስማማዎት፣ አማረብዎት» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸውን የለካችላቸው ነርስ ግን መሣሪያውን አላመነችውም መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ለካች።

«ምን በላሁ?» አሉኝ አክስቴ። «ድሮ የምበላውን ነው የምበላ።»

እውነታቸውን ነው። እንጀራቸው አልጨመረም። የተለወጠው ሰፈራቸው ነው። የዛሬው ዝግጅታችንም ስለዚሁ ነው፤ የምንኖርበት ሰፈር እንዴት አድርጎ ልማዳችንን፣ ልማዳችንም እንዴት አድርጎ ክብደታችንን እንደሚሠራ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ በግምት 50 ካሎሪ ያቃጥላል። አክስቴ በገበያ ቀን በአራት ሰዓት ደርሶ መልስ ብትሉ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር። ይህ ሜዳ ቢሆን እንኳ ወደ 800 ካሎሪ ነው። አቀበቱንና ሸክሙን ስትጨምሩበት ደግሞ ከዚያ በደንብ ይበልጣል። ምንጩን አልቆጠርኩም። እንጨቱን አልቆጠርኩም። ባጃጁ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰረዘው። ሰውነት ደግሞ የተረፈውን አይጥልም፤ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጣል። ክፉ ቀን ካልመጣ ያስቀመጠው ወገብ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ልብ ካሉት ሰዎች አንዱ ጀሪሚ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ነው። የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ተከታተለ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱ አንድ፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ከተማው አንድ። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት የልብ ሕመም ሾፌሮቹ ላይ በዝቶ፣ ትኬት ቆራጮቹ ላይ ቀንሶ ተገኘ። ኋላም የደንብ ልብሳቸውን ልክ አስመርምሮ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፊ ሆኖ አገኘው። የእኛ መቀነት የነገረኝን የእነሱ ልብስ ሰፊ አስቀድሞ ነግሮታል ማለት ነው።

ይህ ስለ ሥራ ነው፤ ስለ ሰፈርስ? ለዚህ ደግሞ አሜሪካኖች ያደረጉት አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በኒው ዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተን፣ በባልቲሞርና በሎስ አንጀለስ እጅግ ድሃ በሆኑ ሰፈሮች የሚኖሩ ወደ 4,500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ዕጣ ወጣላቸው። ዕጣው የደረሳቸው ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር ሄደው ቤት እንዲከራዩ ድጎማ ተሰጣቸው። ስለ አመጋገብ ማንም አልመከራቸውም። ስፖርት ሥሩ ያላቸውም የለም። የተሰጣቸው ሰፈር የመቀየር ዕድል ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሴቶቹ ሲመዘኑና ደማቸው ሲመረመር፣ የመዛወር ዕድል ከደረሳቸው መካከል ከልክ ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከ100 ሴቶች በ4 ወይም በ5 ያህል ያነሱ ሆኑ። ትንሽ ይመስላል? አንድ መድኃኒት ይህን ያህል ቢያስገኝ ሐኪሞች በደስታ ይቀበሉታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲወፍር «ሆዳም ነው»፣ ሲከሳ «ንፉግ ነው፣ ለራሱም አይበላ» ማለት ይቀናናል። እኔ ይህን አነጋገር ከልቤ እጠላዋለሁ። ሰውዬው አፉን እንዲዘጋ እንመክረዋለን እንጂ፣ ከቤቱ እስከ ሥራው የሚራመድበት መንገድ አለው ወይ ብለን አንጠይቅለትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ደጃችን እንመለስ። መካነ ሰላም ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደግሞ ወደ መርጡለ ማርያምና ወደ ጉንደወይን መንገድ ይወስዳል። ሆስፒታል አላት፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። ከወግዲ፣ ከሳይንት፣ ከለጋምቦ፣ ከከላላ የሚመጣ ሰው ይተራመስባታል። ለአገሬው ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ደግሞ ገጠር። ለዛሬው ጉዳያችን የምትስማማውም ስለዚሁ ነው። አንድ እግሯ ገብስ ማሳ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ካፌ ውስጥ ነው።

በጠዋት መናኸሪያው አካባቢ ቆማችሁ እዩ። በአንድ በኩል ሌሊት ተነሥተው የመጡ ሴቶች ጫናቸውን አውርደው ላባቸውን ይጠርጋሉ። እግራቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ባታቸው እንደ ገመድ የተገመደ። በሌላ በኩል አንድ ባጃጅ ውስጥ ስድስት ሕፃናት ተጠቅጥቀው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። አንደኛው ብስኩት ይዟል። የገጠሯ ልጅ ይህን መንገድ በሩጫ ትጨርሰዋለች፤ እናት ግን ልጇን ለምን በእግር አትሰድም ብዬ አልፈርድባትም። መንገዱ ዳር የለውም። በክረምት ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ በበጋ አይሱዙ ሲያልፍ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ቦዩ አፉን ከፍቷል። ባጃጁ የሚሄደው እግረኛ ሊሄድበት በሚገባው ጠርዝ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። በእግር ትምህርት ቤት ደርሶ መመለስ ብቻውን የልጁን ድርሻ ግማሽ በሸፈነ ነበር።

አዋቂውስ? ማታ ከሥራ በኋላ ወጣ ብሎ መንሸራሸር የሚባል ነገር ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ በደረሰው የጸጥታ ችግር የተነሣ ግን በብዙ ከተሞች ሰው ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ መግባት ለምዷል። ፍርሃትም የሰፈር ሁኔታ ነው። በዚህ ላይ ሴት ልጅ በጠዋት ተነሥታ ብትሮጥ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት አይጠፋም። የጎረቤት ዓይንም እንደ አጥር ነው፤ አይታይም እንጂ ያግዳል።

አሁን ደግሞ ወደ ምግቡ። የአገራችን ደጋ የሚያበቅለውን ታውቃላችሁ፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር። ቆሎና ንፍሮ፣ በሶና ቂጣ፣ ሽሮና ጎመን። በእውነቱ የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። ቆሎ ሙሉ እህል ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ያጠግባል። የሰፈሩ ሱቅ ግን ቆሎ አይሸጥም። የሚሸጠው ለመጫን የሚመች፣ የማይበላሽ፣ ትርፍ ያለው ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ፉርኖ ዱቄት፣ ብስኩት፣ ለስላሳ። ቲማቲሙ በመኪና ተጭኖ ከቆላ እስኪደርስ ግማሹ ይፈርጣል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ከሱቁ ቅርብ የሆነ ሰው የሚበላው ከሱቁ ያለውን ነው። ባለ ሱቁ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ለስላሳ አይበሰብስማ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ድሮ ዘይት በጠርሙስ ተለክቶ የሚገዛ፣ ለበዓል የሚቆጠብ ነገር ነበር። ዛሬ አምስት ሊትሩ ጓዳ ቁጭ ብሏል፤ እጅ ሲያዘነብለው አይሳሳም። በጾም ቅቤው ይቀርና ዘይቱ ድርብ ሆኖ ይገባል፤ ስንት ጊዜ አስተውዬዋለሁ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ወደ 32 ግራም ስኳር አለው፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ያንን አንድ ጠርሙስ ለማቃጠል ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መራመድ ይጠይቃል። ከመናኸሪያ ተነሥቶ ከተማውን ዳር እስከ ዳር እንደ መሄድ ነው።

ቡናውን አልረሳሁትም። በወሎ ገጠር ቡና በጨው ይጠጣ እንደነበር፣ ዛሬም የሚጠጣበት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። ከተማ ሲገባ ጨው ስኳር ሆነ። አሁን እናስላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ሲኒ። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ጠዋት በእኛ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በጎረቤት። ስድስት ሲኒ በሁለት ማንኪያ አሥራ ሁለት ማንኪያ፤ ማንኪያው አራት ግራም ቢይዝ 48 ግራም ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ለቀኑ በሙሉ ከዚህ አይለፍ የሚለው ጣሪያ በግምት 50 ግራም ነው፤ ቢቻል ደግሞ ከግማሹ በታች ይሁን ይላል። ሌላውን ሳንቆጥር ቡናው ብቻ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ወደ ጨው እንመለስ እንዳልል፣ እሱም የራሱ ዕዳ አለበት። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት መሠረት ኢትዮጵያዊው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው ይወስድ ነበር፤ የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው። በዚያው ጥናት አዋቂው ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚበቃውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይመገብ ታይቷል። ከ100 አዋቂ ደግሞ 16 ያህሉ ግፊት ነበረባቸው። ያልመረረ ቡና፣ ስኳሩም ጨውም ያነሰ፤ አፍ ይለምደዋል። እኔ ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን ቅጣት ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ቡና ግን ብቻውን አይጠጣም፣ ከጎረቤት ጋር ነው። ይህም ራሱን የቻለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት አሜሪካውያን፣ ክሪስታኪስና ፋውለር፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከ12,000 የሚበልጡ ሰዎች የሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ አገላብጠው አንድ ነገር አገኙ። የአንድ ሰው ጓደኛ ከወፈረ፣ ሰውዬው ራሱ የመወፈር ዕድሉ በ57 በመቶ ይጨምራል። አጥር ለአጥር የሚኖር፣ ግን ጓደኛ ያልሆነ ጎረቤት ቢወፍር ግን ምንም ለውጥ የለም። ስሌቱ ላይ የተከራከሩ ምሁራን አሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ጓደኛና ጎረቤት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ጎረቤት ማለት ጓደኛ ነው። የቡና ተጣጪ ነው፣ የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ አባል ነው፣ ልጅ ሲወለድ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ነው። እንግዲህ ልማድ በጓደኝነት የሚሄድ ከሆነ በእኛ ሰፈር ከቤት ቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ክፉውም፣ ደጉም።

(ዋሽንቱ ለአጭር ጊዜ ይመለሳል)

እዚህ ላይ አንዳንዳችሁ «አንተ ሰውዬ፣ የሚበላ ያጣ ሰው ባለበት አገር ስለ ቦርጭ ታወራለህ?» ሳትሉኝ አትቀሩም። ትክክል ናችሁ፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያት ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው 8 ነበሩ። ከተማ ሲገባ ግን ቁጥሩ ተገለበጠ፤ ከከተማ ሴቶች ከ5 አንዷ ክብደቷ ከልክ በላይ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከአገሩ አማካይ ከ38ቱ የባሰ። አንድ አገር፣ አንድ ጥናት፣ አንድ ዓመት። እናት ወፍራ ልጅ የቀጨጨበት ቤትም አለ። ለዚህም ሰፈር አለበት፤ ዘይትና ፓስታ ሆድ ይሞላል፣ እንቁላልና ጎመን ግን ከጉሊቱ ከጠፋ የልጁ አጥንት የሚያድግበት የለውም።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት ሆላንድ በጦርነት ተከብባ ተርባ ነበር። በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት ረሃቡ ያገኛቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች ኋላ አድገው ሲመረመሩ ከሌሎቹ ይልቅ ለውፍረትና ለልብ በሽታ የተጋለጡ ሆኑ። በማሕፀን ሳለ «ዓለም ረሃብ ናት» ብሎ የተዘጋጀ አካል፣ ኋላ ምግብ ሲያገኝ የማጠራቀም ጠባዩን አይተውም። ወሎ ደግሞ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ አይታለች። በ77 ማሕፀን የነበሩ ዛሬ አርባን አልፈዋል። ብዙዎቹ ከገጠር ወጥተው ከተማ ገብተዋል፤ ባለ ሱቅ፣ መምህር፣ ሾፌር ሆነዋል። የሆላንዱ ነገር በእኛም የሚሠራ ከሆነ፣ ቦኖና ባጃጅ፣ ለስላሳና ዘይት ባለበት ሰፈር ከማንም ይልቅ መጠንቀቅ ያለባቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው። አድማጬ፣ በዚያ ዘመን የተወለድክ ወይም የተወለድሽ ከሆነ ግፊትህንና ስኳርህን፣ ግፊትሽንና ስኳርሽን ሳትለኩ አትክረሙ።

ለመለካት ደግሞ ሐኪም ቤት እስክትደርሱ መጠበቅ የለባችሁም። ገመድ አምጡ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ ሌላ ሰው ከተረከዛችሁ እስከ አናታችሁ በገመዱ ይለካችሁ። ያንን ገመድ ለሁለት እጠፉት። አሁን የታጠፈውን በሆዳችሁ ዙሪያ፣ ከእምብርት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ሳታጠብቁ አዙሩት። ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ ደህና ነው። ካልተገናኙ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊትና ስኳር ማስለካት ይገባል። እርጉዝ ሴትን አይመለከትም። ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች የሚመክሩት መለኪያ ነው፤ ሚዛን አያስፈልገው፣ ገንዘብ አያስፈልገው። አክስቴን በዚህ ለካኋቸው። አንድ ጣት ተኩል ጎደለ። «ገመዱ አጥሮ ነው» ብለው ተከራከሩኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንገዱ አይምጣ፣ ቦኖው ይነቀል የሚል ሰው እኔ አይደለሁም። ሃያ ሊትር አዝሎ ገደል መውጣት ስፖርት አይደለም፤ የሴቶችን ወገብ የሰበረ ፍዳ ነው፣ መቅረቱ ደግ ነው። መልሰን ማምጣት ያለብን ሸክሙን ሳይሆን እርምጃውን ነው። እርምጃ ደግሞ መሄጃ ይፈልጋል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶችን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለልጆች ስትከፍት ሰዉ እንዴት እንደወጣ ያየ ያውቃል። መካነ ሰላም መንገድ መዝጋት አያስፈልጋት ይሆናል። የሚያስፈልጋት አዲስ ጌጠኛ ድንጋይ ሲነጠፍ ከቦዩ ወዲህ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ ጠርዝ መተው፣ ቦዩን መክደን፣ የኳስ ሜዳ የሆነውን ቦታ ለሌላ ሥራ አለመስጠት ነው። ሜዳ አንዴ ቤት ከተሠራበት ሜዳ ሆኖ አይመለስም።

ጓሮውም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሃያ ዓመት ሙሉ «ጓሯችሁን ተጠቀሙ» ሲሉ ኖረዋል፤ እኛ ቆርቆሮ አጥረን ሲሚንቶ ደፋንበት። የዕቃ ማጠቢያ ውኃ የሚያጠጣው ሁለት መደብ ጎመን፣ አንድ መደብ ቆስጣና ካሮት የቤተሰብን ወጥ ይለውጣል። ልጆቹም ሲኮተኩቱ ይውላሉ፤ ከባጃጁ ያጡትን እርምጃ በከፊል እዚያ ያገኙታል።

ቅሬውስ? በየወሩ ለስብሰባ ስንቀመጥ፣ ለቀብር ድንኳን ስንውል፣ ዳቦና ለስላሳ የሚቀርብበት ቅሬ እየበዛ ነው። ለሐዘንተኛ ክብር ነው፣ ይገባኛል። ቆሎና ንፍሮ ግን ክብር የጎደላቸው መቼ ነው? ድሮ ለሐዘን የምንይዘው ንፍሮ አልነበረም ወይ? አንድ ቅሬ ለስላሳውን ቢተው የሌላው ቅሬ ዳኛ ሰምቶ ይከተላል፤ ጓደኛ ከጓደኛ የሚወስደው ውፍረትን ብቻ አይደለም።

አክስቴን በተመለከተ፣ ልጃቸው መጥረጊያውን መልሳላቸዋለች። በገበያ ቀን በባጃጅ ይሄዱና በእግራቸው ይመለሳሉ፤ አንድ የልጅ ልጅ ዘንቢል ይይዝላቸዋል። ቡናቸው አንድ ማንኪያ ስኳር ሆኗል። መቀነቱ አሁንም ሁለት ዙር ነው፤ ጫፉ ግን እንደ ፋሲካው በግድ አልተቋጠረም።

አድማጮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባችሁ መዋጮው ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው ይነሣና ይህን ይጠይቅልኝ፤ ከሰፈራችን እስከ ገበያውና እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ሽማግሌና ልጅ ባጃጅ ሳይገፋቸው፣ ቦይ ሳይውጣቸው በእግራቸው የሚሄዱበት ጠርዝ አለን ወይ? ከሌለን ስንት ሰው በአንድ ቅዳሜ አካፋ ይዞ ቢወጣ ይሠራል? መልሱን ጽፋችሁ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ስጡ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለእኛ ላኩልን፣ በዚሁ ሰዓት እናነብበዋለን።

(ሙዚቃ)